ለሰፈሩ ውኃ ጌጅ ወይስ ሴንሰር?

የማርቆስ ልጅ፦ ጎበዝ፣ ደብረ ማርቆስ ዳር ያለው ሰፈራችን ለውኃ ፓምፑ ብር እያዋጣ ነው። ታንከሩ ከፓምፑ 40 ሜትር ከፍ ብሎ ጉብታው ላይ ነው። የድሮው የግፊት ሴንሰር (ግፊቱን ለክቶ ለፓምፑ መቆጣጠሪያ በሽቦ የሚልከው) ክረምት ላይ በመብረቅ ተቃጥሏል። ግማሹ ኮሚቴ «መርፌ ያለው ጌጅ ይበቃል» ሲል ግማሹ «ሴንሰር ካልሆነ ብሬን መልሱ» ብሎ ተነሥቷል። እዚሁ ይለይለት።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ጌጅ! ውስጡ የተጠማዘዘ ቱቦ ነው። ግፊት ሲገባበት ሊቃና ይሞክራል፣ መርፌውን ይጎትታል፣ አለቀ። መብራት ኖረ አልኖረ ጉዳዩ አይደለም። የእኛን መብራት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

የፊዚክስ መምህር፦ ወንድሜ፣ ጌጅ ያሳያል እንጂ ፓምፕ አያጠፋም። ሌሊት ታንከሩ ሞልቶ ተንሳፋፊው መዝጊያ ቧንቧውን ሲዘጋና ግፊቱ ሲወጣ መርፌ የሚያይ ማን አለ? ግን ሴንሰር ስትገዙ «አብሶሉት» የሚባለውን እንዳታመጡ። እሱ የሚለካው ምንም አየር ከሌለበት ባዶ ተነሥቶ ስለሆነ የአየሩንም ግፊት ይደምራል፣ እኛ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየራችን ግፊት 0.75 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ነው። አንዱ መጽሐፍ ላይ ያየውን የባሕር ጠለል አየር 1.01 ባር ቢቀንስለት ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ውኃ በወረቀት ላይ ጠፋ ማለት ነው። ከዚያ ዘበኛውን ሌባ እንበለው?

የቡሬ ኤሌክትሪሽያን፦ 😂 ልክ ነው። መጠኑም ይታሰብበት። 40 ሜትር ውኃ 4 ባር ገደማ ነው፣ ፓምፑ ድንገት ሲቆም ግን ውኃው ተመልሶ ይመታል። እስከ 10 ባር የሚለካ ግዙ። «ለክፉ ቀን» ብላችሁ የ100 ባር ብታመጡ ስሕተቱ ከሙሉ ልኩ 1 በመቶ ቢሆን እንኳ 1 ባር፣ ማለትም 10 ሜትር ውኃ ነው። ሽቦው ረጅም ከሆነ ልኩን ከ4 እስከ 20 ሚሊአምፔር በሆነ ኤሌክትሪክ የሚልከው ይሻላል፤ ትንሹ ልኩ 4 ነው፣ ሽቦው ሲበጠስ ግን ዜሮ ስለሚል ወዲያው ይታወቃል።

ቧንቧ ሠራተኛው፦ ይኼ ሁሉ ጣጣ ለምን? ፕሬዠር ስዊች ግጠሙ። ግፊቱ ሲወጣ ራሱ ያጠፋል።

ጀሪካን ተሸካሚዋ፦ እናንተ ሚሊአምፔር ትላላችሁ፣ ያኔ ሲቃጠል ወንዝ የወረድነው እኛ ነን። የሚበላሸው ዕቃ መለዋወጫው ማርቆስ ይገኛል ወይ?

የቡሬ ኤሌክትሪሽያን፦ እታለም፣ ስዊቹ በቀላሉ ይገኛል። ሴንሰሩን እንጃ።

ጀሪካን ተሸካሚዋ፦ እንግዲያው የእኔን መዋጮ ለስዊቹና ለጌጁ ጻፉልኝ።

የፊዚክስ መምህር፦ የእኔ ለሴንሰሩ ነው፣ የመብረቅ መከላከያው አብሮ ከተገዛ።