ለባሌ ጉዞ ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ምን አይነት ልግዛ?

ሚኪ ከሳሪስ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ከመስከረም 20 በኋላ ከጓደኞቼ ጋር ባሌ ልንሄድ ነው፣ ከዲንሾ ተነስተን በወብ ሸለቆ አርገን ሳነቴ ድረስ 4 ቀን በእግር፣ ዋናው ዕቃ በፈረስ ስለሚጫን እኛ ትንሽ ቦርሳ ብቻ ነው የምንይዘው። ያስቸገረኝ ጃኬት ነው። ባለፈው ነሐሴ መናገሻ ሱባ ስንሄድ ዋተርፕሩፍ ነው ተብዬ ከአንድ ቡቲክ የገዛሁትን ለብሼ ነበር፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትከሻዬና ክንዴ ራሰ፣ ውስጡ ደግሞ እንደ ስፖንጅ ነገር ስላለው ውሃውን ጠጥቶ ከበደኝ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ እንኳን መንቀጥቀጡ ቶሎ አልለቀቀኝም። እዛ መኪናችን ቅርብ ነበር፣ 4 ሺህ ሜትር ላይ ድንኳን ውስጥ እንደዛ ሆኜ ማደር ግን በጣም ነው የሚያሰጋኝ። አሁን ስጠይቅ አንዱ ጃኬት ምልክቱ ላይ 5,000 ይላል አንዱ 20,000 ይላል፣ ዋጋቸው ሰማይና ምድር ነው፣ ቁጥሩ ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሻጭ አላገኘሁም። እስከ 9 ሺህ ብር ማውጣት እችላለሁ፣ የአክስቴ ልጅም በመስከረም መጀመሪያ ከቨርጂኒያ ስለምትመጣ የሆነ ነገር ማስመጣት ይቻላል። ምን ትሉኛላችሁ?

ሰብለ ግላስጎ፦
ሚኪዬ እኔ ስኮትላንድ ስኖር 7 ዓመቴ ነው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተራራ እወጣለሁ፣ እዚህ ዝናቡ ከንፋስ ጋር በጎን ነው የሚመታህ ስለዚህ የጃኬት ነገር በደንብ ገብቶኛል። ቁጥሩ ማለት ጨርቁ ላይ ስንት ሚሊሜትር ቁመት ያለው ውሃ ቢቆምበት ሳያስገባ ይችላል ማለት ነው፣ 10,000 ካለ የ10 ሜትር ውሃ ችሏል። ዝናብ ለብቻው ያን ያህል አይጫንም ግን የቦርሳህ ማንገቻ ትከሻህን ሲጫነው ወይ እርጥብ ድንጋይ ላይ ስትቀመጥ ግፊቱ ይጨምራል። 5,000 ለከተማ ካፊያ ነው፣ ላንተ 10,000 ይበቃሃል፣ 15,000 ካገኘህም እሰየው፣ 20,000 ለሚል ብለህ ግን እጥፍ አትክፈል።

ሰው የማያየው ሁለተኛውን ቁጥር ነው። እሱ የላብ እንፋሎት የማስወጣት አቅሙ ነው፣ በ24 ሰዓት በአንድ ካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚያወጣ። ዳገት ስትወጣ ልክ እንደ ላስቲክ አፍኖ ከያዘህ ዝናቡ ባይገባም በራስህ ላብ ትርሳለህ፣ ቆም ስትል ደግሞ ያ ላብ ይቀዘቅዝና ብርዱ ይገባሃል። እዚህም 10,000 እና ከዛ በላይ ፈልግ፣ ብብት ስር ዚፕ ካለው ደግሞ ከየትኛውም ቁጥር በላይ ነው የሚጠቅምህ፣ ዳገት ላይ ትከፍተዋለህ በቃ።

እና እባክህ ውስጡ ስፖንጅ ወይ ጥጥ ያለው አትግዛ። ጃኬቱ ስስ ይሁን፣ ሙቀቱን ከስር በፍሊስ (ለስላሳ የሚያሞቅ ሹራብ ነገር) ታመጣዋለህ፣ ስትሞቅ ፍሊሱን ታወልቃለህ ስትቆም ትደርባለህ። ስትለካም ፍሊሱን ለብሰህ ለካ፣ እጅህን ወደ ላይ ስታነሳ ወገብህ እንዳይጋለጥ። የጥጥ ቲሸርት እና ጂንስ ባሌ ይዘህ እንዳትሄድ አደራ።

የሪራ ልጅ፦
እኔ ባሌ ተወልጄ ያደኩ ነኝ እንግዳም ይዤ እወጣለሁ። በመስከረም መጨረሻ ዝናቡ አልወጣም፣ ባሌ ላይ እስከ ጥቅምት ይዘንባል፣ አዲስ አበባ መስቀል ከዋለ ዝናብ አበቃ ብሎ ሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ይቸገራል። ብዙውን ጊዜ ጠዋት ጥርት ብሎ ከሰዓት ነው ደመናው የሚጠራቀመው ስለዚህ በጊዜ ተነስታችሁ ከሰዓት በፊት ካምፕ መግባት ልመዱ። ሳነቴ ላይ ዛፍ ሚባል የለም፣ ጅብራ ብቻ ነው የቆመው፣ ንፋሱን ሚመልስ ነገር ስለሌለ በረዶም ሲጥል ፊትህን ነው የሚመታህ። ለዛ ኮፍያውን በደንብ እዩ እላለሁ። ኮፍያው ከፊት ጠንከር ያለ ግንባር ይኑረው፣ ከኋላ ደግሞ ማጥበቂያ ገመድ፣ ጭንቅላትህን ስታዞር አብሮህ ካልዞረ አይንህን ይሸፍንሃል፣ ድንጋይ ላይ ስትራመድ ይሄ አደጋ ነው። እጅጌው ጫፍ ላይም ማጥበቂያ ይኑር።

ናቲ ቦሌ፦
እኔ በዚህ አልስማማም፣ ለ4 ቀን ብሎ 9 ሺህ ብር ምን ያረጋል? ከላይ የሚጠለቀው ሰፊው ሬንኮት፣ ፖንቾ ሚሉት፣ ቦርሳህንም አብሮ ይሸፍናል ከስር አየር ስለሚገባ ላብም የለም። ገጠር ያሉ ሰዎች እኮ በጋቢና በጃንጥላ ነው ሚሄዱት ምንም አይሆኑም።

የሪራ ልጅ፦
ናቲ ልክ ነህ ግን እንደ ቦታው ነው። ሀረና ጫካ ውስጥ ንፋስ የለም፣ እዛ ፖንቾም ጃንጥላም ጥሩ ነው እኔም እጠቀማለሁ። ሳነቴ ላይ ግን ፖንቾውን ንፋሱ ፊትህ ላይ ይገለብጠዋል፣ እግርህን ማየት አትችልም። ጋቢውም ጥጥ ስለሆነ ከራሰ ቶሎ አይደርቅም፣ የሱፍ ልብስ ሲሆን ነው ደህና። ፈረስ የሚነዱት ልጆች ሲዘንብ ከላይ ላስቲክ ይደርባሉ፣ እነሱም ብርዱ ሳይሰማቸው ቀርቶ አይደለም።

ጋሽ ተስፉ ልብስ ሰፊ፦
ልጄ ሚኪ፣ እኔ 30 ዓመት በላይ ስሰፋ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ያ ጃኬትህ ለምን ትከሻው ላይ እንዳስገባ ልንገርህ። ጨርቁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፣ መርፌ በወጋው ቁጥር ግን ቀዳዳ ይተዋል፣ ትከሻና እጅጌ የሚገጣጠምበት ላይ ስንት መቶ ቀዳዳ እንዳለ አስበው። እውነተኛ የዝናብ ጃኬት ከውስጥ ስፌቱ ሁሉ ላይ ስስ ቴፕ በሙቀት ይለጠፍበታል። ጃኬቱን ገልብጠህ እይ፣ ቴፑ ትከሻው ላይ ብቻ ሆኖ ጎኑና ኮፍያው ላይ ከሌለ ሙሉ አይደለም። ውስጡ ገበር ካለውና ስፌቱ ካልታየ ከስር በኩል ያልተዘጋ ቦታ ፈልገህ እጅህን አስገብተህ ዳስሰው። ኪሱንም እይ፣ ዚፑን የሚከልል ክዳን ከሌለውና ዚፑም ተራ ከሆነ ውሃ የሚገባው በዛ ነው።

ሚኪ ከሳሪስ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ገልብጬ አየሁት አንድም ቦታ ቴፕ የለውም፣ ተራ ስፌት ነው። ገባኝ። በያዝኩት ብር ቁጥሩ 10,000 የሚል አዲስ ጃኬት ባገኝም ብብቱ ጋ ዚፕ የለውም፣ ሳልቫጅ ብሞክርስ? ያገለገለ ነገር ዝናብ ይከላከላል ወይ?

ቤቲ መርካቶ፦
በደንብ! የኔ ከሳልቫጅ ነው 3 ክረምት ለብሼዋለሁ። ግን ማየት አለብህ። መጀመሪያ ገልብጠህ ትከሻውንና አንገቱ ጋ በጣትህ እሸው፣ እንደ ፎረፎር ነጭ ነገር ከረገፈ ወይ የሚያጣብቅ ከሆነ ውስጡ ያለው ሽፋን አልቋል፣ ምንም ቢረክስ ተወው እሱ አይጠገንም። ቀጥሎ ጨርቁን አፍህ ላይ አጥብቀህ ይዘህ ንፋ፣ ትንፋሽህ ወደ ማዶ በቀላሉ ካለፈ የንፋስ መከላከያ እንጂ የዝናብ አይደለም። ውስጡ ጨርቅ በጨርቅ ሆኖ የተጣበቀውን ባለ 3 ንብርብር ካገኘህ እሱን ውሰድ፣ ቦርሳ ሲታሸው ይችላል። ስሙ ላይ አትጓጓ፣ ታዋቂ ስም የተለጠፈበት ፎርጅድ ሞልቷል። ሴቶች ካላችሁ ደግሞ የወንድ ስትገዙ ዳሌ ላይ ስለሚይዝ ከስርም የሚከፈት ባለ ሁለት መንገድ ዚፕ ፈልጉ፣ እኔ ሽንት ቤት ስሄድ ራሱ ነው ያመሰገንኩት።

ገዝተህ ቤት ስትወስደው ፈትነው። ትከሻህና ደረትህ ላይ ከስር ሶፍት አድርገህ ልበሰውና ሻወር ስር 10 ደቂቃ ቁም፣ የራሰው ሶፍት የቱ ጋ እንደሚያስገባ ያሳይሃል።

ሚኪ ከሳሪስ፦
በ2 ሳምንት ውስጥ ሶስት ጊዜ መርካቶ ተመላልሼ አገኘሁ! ባለ 3 ንብርብር፣ ብብቱ ጋ ዚፕ ያለው፣ 4,200 ብር። በተረፈው ፍሊስ ገዛሁበት። ሻወሩን ሞከርኩት፣ ትከሻ ደረቅ ክንድ ደረቅ፣ የራሰው ኮፍያው አንገት ጋ የሚገጥምበት ብቻ ነው፣ ሳየው ቴፑ አንድ ጣት ያህል ተነስቷል። ሌላው ደግሞ ውሃው ላዩ ላይ አይንከባለልም፣ ጨርቁ ራሱ ጠጥቶ ጠቆረ ከበደም፣ ውስጤ ግን ደረቅ ነበር። ይሄ ችግር ነው?

ሰብለ ግላስጎ፦
አዎ ግን ይስተካከላል። ውሃ የሚያንከባልለው ላዩ ላይ የሚቀባ ነገር ነው፣ በመታጠብና በመታሸት ያልቃል። እሱ ሲያልቅ የላይኛው ጨርቅ ውሃ ጠጥቶ ላብህ መውጫ ያጣል፣ ያኔ ነው ሰው ጃኬቴ አስገባ ብሎ የሚጥለው። በዱቄት ሳሙናና በልብስ ማለስለሻ አትጠበው፣ ያባብሰዋል። የአክስትህን ልጅ ኒክዋክስ ሚባለውን ማጠቢያውንም መልሶ መቀቢያውንም አስመጣት፣ ፈሳሽ ስለሆነ የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ታርገው። የልብሱ ምልክት ካልከለከለ ካጠብክ በኋላ ስስ ጨርቅ ከላይ አርገህ በዝቅተኛ ሙቀት ካውያ ብታስኬድበት አሮጌውም ቅባት ትንሽ መልሶ ይሰራል።

ጋሽ ተስፉ ልብስ ሰፊ፦
ሚኪ የሚለጠፈውን የስፌት ቴፕም አብራ ታምጣልህ፣ አንድ ሜትር ይበቃል። ኮፍያውን በመርፌ እንዳትነካው፣ ሌላ ቀዳዳ ነው የምትጨምርበት። መጀመሪያ ይታጠብና ይድረቅ፣ ከዛ ቴፕ የሚለጠፍበትን ቦታ በአልኮል ጠርገን እኔ በካውያ አጣብቅልሃለሁ፣ ውሃ ማንከባለያው ከዛ በኋላ ይቀባል፣ ቀድሞ ከተቀባ ቴፑ አይዝም። አድራሻዬን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ና።

ሚኪ ከሳሪስ፦
እሺ ጋሼ፣ እሷ ሐሙስ ነው የምትገባው፣ አርብ አጥቤው ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ እደርሳለሁ።