የተቆላ የሐረር ቡና ወደ ፍራንክፈርት፦ በሥራ ቪዛ መነገድ ይቻላል?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሐረር ያለችው እህቴ ቡና ቆልታ በ250 ግራም እያሸገች ትሸጣለች። አሁን «40 ኪሎ ልላክልህ፣ ፍራንክፈርት ሽጥልኝ» ብላ ይዛኛለች። ያለኝ የሥራ ቪዛ ነው። ንግድ ፈቃድ ባወጣ መኖሪያ ፈቃዴን ይነካብኛል? ሰው በሻንጣ ከፋፍሎ ቢያመጣልኝስ? መልስ ስላጣች ቅር ብሏታል፤ እባካችሁ ቶሎ በሉኝ።

አስመጪ፦
ሻንጣውን እርሳው ወንድሜ። የመንገደኛ ነፃ መብት ለግል ፍጆታና ለስጦታ ነው፤ ለሽያጭ የታሰበ ዕቃ በአሥር ሻንጣ ቢከፋፈልም የንግድ ዕቃ ነው። ጀርመን ደግሞ ለብቻው የቡና ግብር አላት፤ በተቆላ ቡና ላይ በኪሎ 2.19 ዩሮ። ላንተ 40 ኪሎ 87.60 ዩሮ ይመጣል። ሳይከፈልበት ሲሸጥ ከተገኘ በግብር ማጭበርበር ያስከስሳል።

በደንቡ ከሄድክ መጀመሪያ ከዞል (ከጀርመን ጉምሩክ) የኢኦሪ ቁጥር፣ ማለትም የአስመጪ መለያ ቁጥር፣ አውጣ፤ በነፃ ነው። ጥሬ ቡና ቀረጥ የለበትም። የተቆላው 7.5 በመቶ አለበት፤ የኢትዮጵያ ሲሆን ግን ዜሮ ይሆናል፤ ኢንቮይሱ ላይ የትውልድ አገር መግለጫው በተደነገገው ቃል ከተጻፈ ብቻ። ጭነቱ ከ6,000 ዩሮ ካልበለጠ ላኪው ያለ ምዝገባ ሊጽፈው ይችላል። ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው፦ «ፕሮዳክት ኦፍ ኢትዮጵያ» ብሎ ጽፎ ይልክና ቀረጡን ይከፍላል። ከዚያ በድምሩ ላይ 7 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ አለ።

ከረጢቱ ላይ በጀርመንኛ የምርቱ ስም፣ የተጣራ ክብደት፣ የመጠቀሚያ ጊዜ፣ የአስመጪው ማለትም ያንተ ስምና አድራሻ ይጻፋል። ሉሲድ በሚባለው የማሸጊያ መዝገብ ሳትመዘገብ አንድም ከረጢት አትሸጥም።

እትዬ ማይንዝ፦
ስለ ቪዛው ልናገር። ካርድህ ላይ ወይም አብሮ በተሰጠህ አረንጓዴ ወረቀት ላይ ያለውን ቃል አንብብ። «ኤርቨርብስቴቲግካይት ኤርላውብት» (በድሮ ካርድ «ገሽታተት») ካለ መቀጠርም መነገድም ተፈቅዶልሃል፤ በቤተሰብ የመጡና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች እንዲህ ነው ያላቸው። በሥራ ቪዛ የመጣ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለግል ንግድ ከአውስሌንደርቤሆርደ (ከውጭ አገር ሰዎች ጉዳይ ቢሮ) ፈቃድ መጠየቅ አለበት፤ የመኖሪያ ሕጉ አንቀጽ 21 ንዑስ አንቀጽ 6 ነው። ጌቨርበ (የንግድ ሥራ) መዝጋቢው ቢሮ ከፍለህ ቢመዘግብህ እንኳ ያ የቪዛውን ነገር አይፈታልህም። የቅጥር ውልህንም እይ፤ ተጨማሪ ሥራ ለአሠሪ ይነገራል የሚል አንቀጽ አይጠፋውም። ካርድህ ላይ ያለውን ቃል እዚህ ጻፈውና እንየው።

ሳቢያን፦
አቦ፣ ቡናው መጀመሪያ ከድሬ ይውጣ እንጂ! ቆልቶ በሐረር ለመሸጥ የወጣ ፈቃድ ለውጭ ገበያ አይሠራም። የላኪነት ንግድ ፈቃድ፣ ከቡናና ሻይ ባለሥልጣን የብቃት ማረጋገጫ፣ የጥራት ምርመራ፣ የባንክ የወጪ ንግድ ፈቃድ ይፈለጋል። ክፍያውም በባንክ ነው መግባት ያለበት። በጥቁር ገበያ ብትልክላት ባንክ ጋ ሒሳቡ አይዘጋም፣ ቀጣዩንም ጭነት ያግድባታል። ለ40 ኪሎ ይህን ሁሉ ከምታወጣ ፈቃድ ባለው ላኪ በኩል ቡናዋ ለብቻው ተለይቶ እንዲሄድ ትዋዋል። ከረጢቱ ላይ «ሐረር» ብላ ከጻፈችም ስሙ ኢትዮጵያ ያስመዘገበችው የንግድ ምልክት ነው፤ ፈቃዱ ያለ ሮያሊቲ (የስም መጠቀሚያ ክፍያ) ይሰጣል፣ ግን መጠየቅ አለበት።

ናፍቆት፦
እኔ የምለው፣ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ አይበቃም? እዚህ ከተቀመጥን ጀምሮ ከቤት ኪራይ የተረፈን ሁሉ ወደዚያ ነው። አሁን ደግሞ ነጋዴ ሁኑ ተባልን። ስለ ሐረር ቡና ሳነብ ግን የጀጎል ሽታ መጣብኝ። ቁጢ፣ የቡና ቅጠሉን ሻይ፣ የሚያስመጣ አለ?

አስመጪ፦
የቡና ቅጠል ፍል በአውሮፓ ከ2020 ጀምሮ ተፈቅዷል፤ ከዚያ በፊት እንደ አዲስ ምግብ ተቆጥሮ ይታገድ ነበር። በ«ገንዘብ ይበቃል» ግን አልስማማም እህቴ። የተላከ ገንዘብ በወሩ ያልቃል፤ ደንበኛ ግን ተመልሶ ይገዛል። የእኔ ምክር ጥሬውን አምጥቶ እዚህ በኪራይ ማስቆላት ነው። 60 ኪሎ ጥሬ ተቆልቶ ወደ 50 ይወርዳል። የቡና ግብሩን የሚቆላልህ ድርጅት ከፍሎ ዋጋው ላይ ይጨምረዋል፣ ቡናውም ትኩስ ሆኖ ይሸጣል።

ሳቢያን፦
እንዲያ ከሆነ እህቱ ምን ቀራት? ጥሬ ስትልክ የመቁላቱን፣ የማሸጉን፣ የስሙን ትርፍ ሁሉ ለጀርመን ሰጠች ማለት ነው። ሥራዋ መቁላት ነው እኮ!

አስመጪ፦
ይቁሉ፣ እሰየው። ግን ላብራቶሪውን ማለፍ አለባት። ለተቆላ ቡና የኦክራቶክሲን (ሻጋታ የሚያመነጨው መርዝ) ጣሪያ በኪሎ 3 ማይክሮግራም ነው። የሐረር ቡና ከነገለባው በፀሐይ የሚደርቅ ነው፤ ጀንፈሉ መሬት ላይ ከተሰጣና ሌሊት ጤዛ ከጠጣ ሻጋታው እዚያ ይጀምራል። በቆጥ ላይ ተሰጥቶ፣ ማታ ተሸፍኖ፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ መገላበጥ አለበት። እሷ የምትገዛው ከነጋዴ ከሆነ ማን እንዴት እንዳደረቀው በምን ታውቃለች? ጥሬው ሲመጣ መርምሬ መመለስ እችላለሁ፤ 160 ከረጢት ታሽጎ ከመጣ በኋላ ግን ያለው መጣል ብቻ ነው።

ሳቢያን፦
ታዲያ ናሙናው ከመቆላቱ በፊት ይመርመራ! ግማሽ ኪሎ በኩሪየር ልካ፣ ውጤቱ ሲመጣ ያንኑ ጆንያ ትቁላ። ለቀሪው ነፋስ ማስወጫ ያለው ከረጢት ይበቃል፤ ትኩስ ቡና ጋዝ ስለሚተፋ ያለዚያ ያብጣል። «አይችሉም» እያልን ነው ሁልጊዜ ጥሬ ሻጭ ሆነን የቀረነው።

አስመጪ፦
አይችሉም አላልኩም። የአንዱን ጆንያ ናሙና መርምሮ የሌላውን መቁላት ነው የሚያሰጋኝ። ጆንያው ላይ የምድብ ቁጥር ይለጠፍ፣ ያው ቁጥር ከረጢቱ ላይም ይታተም። ያንን ካደረገች የመጀመሪያውን 20 ኪሎ እኔ እገዛታለሁ።