ለእናቴ ቤት ካዝና ልገዛ ነው፤ ምኑን አይቼ ልምረጥ?

የማርቆስ ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። ደብረ ማርቆስ እናቴ ቤት የሚቀመጥ ካዝና ልገዛ ነው። ብር ለማከማቸት አይደለም። የቤቱ ካርታ፣ አባቴ ገጠር የተወልን የመሬት ደብተር፣ የሁላችንም የልደትና የትምህርት ማስረጃ፣ ከዚያ የእናቴ ወርቅ፤ ይኸው ነው። እስከ ዛሬ ወርቁ በጨርቅ ተቋጥሮ ዱቄት ውስጥ ነበር የሚቀመጠው፣ ወረቀቱ ደግሞ በፌስታል ተጠቅልሎ ፍራሽ ሥር። ባለፈው ክረምት ጣሪያው አፈሰሰና ፍራሹ ራሰ። ደብተሩን ሳወጣው ጠርዙ ረጥቦ ማህተሙ ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ያን ቀን ወሰንኩ።

ሱቅ ሄጄ ሁለት ዓይነት አየሁ። አንዱ ትንሽ ነው፣ በቁጥር ይከፈታል፣ በአንድ እጄ አነሳሁት። ሌላው ወፍራምና ከባድ፣ ዋጋውም ከእጥፍ በላይ። ሻጩ "ሁለቱንም እሳት አይበግራቸውም" አለኝ። ቤቱ የጭቃ ነው፣ ወለሉ ግን ሊሾ። የቱን ልውሰድ?

በያጁ፣ ፍኖተ ሰላም
ወንድሜ፣ አንተ በአንድ እጅህ ያነሳኸውን ሌባም በአንድ እጁ ነው የሚያነሳው። ሌባ ቤትህ ቁጭ ብሎ ካዝና ሲሰብር አያመሽም። ይዞት ይሄዳል፣ ሰው ከሌለበት ወስዶ በዲጂኖ ይፈለቅቀዋል። ከባዱም ቢሆን ካልታሰረ አትመነው። እኛ አገር 100 ኪሎ ጤፍ በጀርባው አዝሎ መኪና ላይ የሚጭን ስንት ሰው አለ፣ የ50 ኪሎ ካዝና ማን ያቅተዋል? ቀጫጭኖቹን ቁልፍ ጠፍቶባቸው ያመጡልኛል። በግራይንደር ስከፍታቸው የሻይ ውሃ እስኪፈላ እንኳ አይቆዩም።

ስለዚህ ዋናው ማሰሪያው ነው። ከታች ቀዳዳ እንዳለው አይተህ ግዛ። ጭቃው ግድግዳ ላይ ማሰር እንዳታስብ፣ ተንዶ ይወጣል። ሊሾውም ስስ ከሆነ ቡሎኑን ይዞ ይነቀላል። ሸጋው መላ ይኸ ነው፦ ጥጉን ሊሾውን ሰብረህ አንድ ክንድ ያህል ቆፍር፣ ፌሮ አስረህ ኮንክሪት ሙላ። የካዝናውን ቀዳዳዎች ቀድመህ ካርቶን ላይ ለክተህ ብሳ፣ ቡሎኖቹን ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አድርገህ በካርቶኑ ልክ ኮንክሪቱ ሳይደርቅ ትከላቸው። ሳምንት ውሃ አጠጣው። ከዚያ ካዝናውን አስቀምጠህ ዳዶውን ከውስጥ ታጠብቃለህ። ሁለት ጎኑ ከግድግዳው ጋር ይጠጋ፣ ዲጂኖ የሚገባበት ክፍተት እንዳይኖር።

እታለም፣ ባሕር ዳር
ወንድምዓለም፣ ስለ እሳቱ ሻጩን አትስማው። ባዶ ብረት ብቻ ከሆነ ቤቱ ሲነድ ምድጃ ነው የሚሆነው፣ ውስጡ ያለው ወረቀት ከስሎ ነው የምታገኘው። እውነተኛው የእሳት ካዝና በሁለት ላሜራ መሃል ሲሚንቶ መሳይ ነገር ተሞልቶበታል። ሲግል በውስጡ ያለው ውሃ እንፋሎት እየሆነ ሙቀቱን ይይዝለታል፣ የሚከብደውም በዚሁ ነው። በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብብ። ለወረቀት የተሠራ ከሆነ ውስጡን ከ177 ዲግሪ በታች ለስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ ይጽፋል፣ 30 ወይም 60 ወይም 120። ፎቶ የተጫነበት ፍላሽ ልታስቀምጥ ካሰብክ ግን አትድከም፣ እሱ የወረቀቱን ያህል ሙቀት አይችልም፣ ውስጡን ከ52 ዲግሪ በታች የሚያቆይ ሌላ ዓይነት ይፈልጋል። ወርቁን እሳት ብዙ አይጎዳውም፣ የሱ ጠላት ሌባ ነው። ያንተ ጭንቀት ወረቀቱ ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ እኔ ላይ ደርሶ ነው። ያ መሙያ እርጥበት አለው። የአባቴን የጡረታ ወረቀት ክረምቱን ሙሉ ሳልከፍት ቆይቼ መስከረም ላይ ሳየው አረንጓዴ ሻጋታ ለብሶ ነበር። አለቀስኩ። አሁን ሁሉንም በላስቲክ ማህደር አድርጌ ከአዲስ ጫማ ካርቶን የማገኛትን እርጥበት የምትስብ ከረጢት እጨምርበታለሁ፣ በሳምንት አንዴም ከፍቼ አናፍሰዋለሁ።

ነጋዴው፣ ቡሬ
እህል ስለምነግድ ካዝና ከያዝኩ ቆየሁ። የቁጥሩ በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋ ችግር የለውም። ችግሩ ባትሪው ሲያልቅ ነው። በርካሾቹ ባትሪው ከበሩ ውስጥ በኩል ነው፣ ስለዚህ የመጠባበቂያውን ቁልፍ ትፈልጋለህ። ቁልፉ አብሮት ሲመጣ ብዙ ሰው እዚያው ካዝናው ውስጥ ይተወዋል፣ የኔ ወንድም እንዲያ አድርጎ አሰብሮታል። አንተ ቁልፉን ሌላ ቤት አስቀምጥ። ከፋብሪካ የመጣውን ቁጥር በመጀመሪያው ቀን ቀይር። ለእናትህ ግን እኔ ብሆን የቁልፉን ነው የምገዛላቸው፣ በዕድሜያቸው ቁጥር እየረሱ ከሚጨነቁ።

ብር ባለማሰብህ ደግሞ ጥሩ አድርገሃል። መስከረም 2013 ብሩ ሲቀየር የተሰጠው 3 ወር ነበር። ቤቱ ያስቀመጠ ሁሉ ባንክ በር ላይ ሲሰለፍ አይቻለሁ።

የማርቆስ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ከባዱን፣ የቁልፉን እወስዳለሁ፣ ጽሑፉን አንብቤ። ጥጉን የመጪው ቅዳሜ እቆፍራለሁ። ቁልፉ አንዱ እናቴ ጋ፣ አንዱ ባሕር ዳር ያለችው እህቴ ጋ ይሁን። የወረቀቶቹንም ኮፒ እሷ ትይዛለች። በያጁ ወንድሜ፣ ቡሎኑ ስንት ቁጥር ይሁን?

በያጁ፣ ፍኖተ ሰላም
12 ይበቃል፣ ቀዳዳው ከቻለው። ርዝመቱን ግን አትሰስት፣ ኮንክሪቱ ውስጥ የሚቀረው ከአንድ ስንዝር አይነስ። ካርቶኑን ስትበሳ ደግሞ የበሩን አቅጣጫ አትርሳ፣ ከታሰረ በኋላ አልከፈት ብሎ ግድግዳ የገጨ አይቻለሁ።