የልጅ ትንፋሽ ስቆጥር ቁጥሩ ይለያይብኛል

ጥያቄ፦ የጤና ባለሙያ ሆኜ ስራ ከጀመርኩ ገና ነው። ዛሬ የ10 ወር ልጅ ሳል ይዞት መጣ። ትንፋሹን ስቆጥር መጀመሪያ 56፣ ቀጥሎ 44 ሆነብኝ። የቱን ልመን? ሳንባ ምች ነው ወይስ ጉንፋን?

መልስ፦ እያለቀሰ ነበር አይደል? ጠብቶ ሲረጋጋ እናቱ እቅፍ ውስጥ እንዳለ ልብሱን ገለጥ አድርገሽ ሙሉ 1 ደቂቃ ቁጠሪ፤ ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ እጥፍ ማድረግ ለኔ አይዋጥልኝም። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ላልሞላው 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ትንፋሽ ነው፤ ሳል ላለበት ልጅ የሳንባ ምች ምልክት ማለት ነው።

መልስ፦ ቁጥሩ ላይ ብቻ አትንጠልጠሉ እንጂ! መጥባት አቅቶታል? ሁሉንም ያስመልሳል? አንቀጥቅጦታል? ፈዟል? አንዱ እንኳ ካለ ቶሎ ሪፈር።

ጠያቂዋ፦ አዎ፣ ሲያለቅስ ነበር የቆጠርኩት 😅 ሲረጋጋ 42 ሆነ፣ ደረቱም ወደ ውስጥ አይሰረጉድም። አንቲባዮቲክ አልሰጠሁም፤ እናቱ ግን ባዶ እጄን ሸኘሽኝ ብላ ቅር አላት።