የጭቃ ቤት ልስን፣ የሰፈር ጉብኝትና የድሮ ፎቶ መሰብሰብ፦ በአንድ ቀን ይቻላል?

የጉለሌ ማኅበር (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ጉለሌ ውስጥ የድሮ ቤቶችን የሚንከባከብ ትንሽ የሰፈር ማኅበር አለን። ሚያዝያ 10 የዓለም የቅርስ ቀን ስለሆነ ለዚያ ቀን ሦስት ነገር አስበናል፤ አንድ በረንዳ ያለው የጭቃ ቤት መለሰን፣ ሰፈሩን በእግር ማስጎብኘት፣ ነዋሪው የድሮ ፎቶውን ይዞ መጥቶ በስካነር እንዲቀዳለት ማድረግ። ወደ 40 በጎ ፈቃደኞች ተመዝግበዋል።

የተጎዳው ግድግዳ 12 ሜትር ርዝመት አለው። ልስኑ የረገፈው ከመሬት እስከ 1.20 ሜትር ድረስ ነው። ከታች በኩል ድሮ በሲሚንቶ የተለሰነ ቦታ አለ፣ እሱም እየተላቀቀ ነው። ከመካከላችን «ሁሉንም በሲሚንቶ ለስነን እንገላገል» የሚሉ አሉ። ምን ያህል ጭቃ ያስፈልጋል? ፈቃድስ የሚጠየቀው ከማን ነው? ቤቱ የቀበሌ ቤት ነው።

ኖራና ጭድ (መላሽ)

ልስኑን ከሚያዝያ 10 አውጡት። በልግ ላይ ጭቃ ቶሎ አይደርቅም፤ ሳይደርቅ ዶፍ ከመታው ይታጠባል፣ ጥላ ያለበት ጎን ደግሞ ይሻግታል። ለአዲስ አበባ ጥሩው የልስን ጊዜ ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ጉብኝቱና ፎቶው ሚያዝያ 10 ይሁኑ። እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ ደግሞ ፈቃዱን ትጨርሳላችሁ።

ፈቃዱ ተከራዩ እሺ ስላሉ ብቻ አያልቅም። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የተወረሰ ቤት ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ቤቱን የሚያስተዳድረው ወረዳ በጽሑፍ መፍቀድ አለበት። በቅርስነት ተመዝግቦ ከሆነ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ቅድሚያ ፈቃድ ጥገና አይጀመርም። ስለዚህ መጀመሪያ የከተማው ባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ሄዳችሁ መመዝገብ አለመመዝገቡን አጣሩ። ማመልከቻው ላይ «እድሳት» ብላችሁ አትለፉት፤ ቃሉ ከቀለም ቅብ እስከ አፍርሶ መሥራት ሁሉንም ስለሚይዝ ፈራሚው ይፈራል። «የረገፈ የውጭ ልስን በነባሩ ቁሳቁስ መመለስ፣ 14.4 ካሬ ሜትር» ብላችሁ ጻፉ። የቤቱን አራት ጎን የሚያሳይ ፎቶ፣ ልኬት ያለው ንድፍና የቁሳቁስ ዝርዝር አያይዙ።

ሲሚንቶውን በጭራሽ። የጭቃ ግድግዳ ከመሬት የሚስበውን እርጥበት በገጹ በኩል ያስተነፍሳል። ሲሚንቶ ሲለበስበት እርጥበቱ መውጫ አጥቶ ከኋላ ይጠራቀማል፤ ጭቃው ይላላል፣ ማገሩና የምሰሶው እግር ይበሰብሳል፣ ምስጥም እርጥብ እንጨት ይወዳል። ግድግዳው ከእርጥበት ጋር ሲያብጥና ሲኮማተር ደረቁ ሲሚንቶ አብሮት ስለማይንቀሳቀስ በሰሌዳ በሰሌዳ ይላቀቃል። የዶሮ ሽቦ ቢመታበትም መላቀቁ አይቀርም፤ ያኔ ጭቃውን ይዞ ይወርዳል። የእናንተም የታችኛው ክፍል የሚላቀቀው በዚህ ምክንያት ይመስላል። ጎንደር ላይ እንኳ በጣሊያን ወረራ ዘመን ግንቦቹ በሲሚንቶና በአርማታ ከተጠገኑ በኋላ፣ ኋላ የመጡ ባለሙያዎች ወደ ኖራ መመለስ ነበረባቸው። የፕላስቲክ ቀለምም እንደ ሲሚንቶው ግድግዳውን ያፍነዋል።

ወደ መጠኑ ልምጣ። 12 ሜትር በ1.20 ሲባዛ 14.4 ካሬ ሜትር ነው። የመጀመሪያው ልባስ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖረው ለአንድ ካሬ ሜትር 20 ሊትር፣ ማለትም አንድ ጀሪካን ጭቃ ይፈጃል። መሬት ላይ የሚወድቀውን ጨምሩና 17 ጀሪካን ያዙ። ጉድጓድ ያለበት ግድግዳ ከዚህም በላይ ይበላል።

አፈሩን ሳትፈትኑ አታቡኩ። አንድ ሊትር በሚይዝ ግልጽ ጠርሙስ ሲሶውን አፈር፣ የቀረውን ውሃ፣ ቆንጥር ጨው አድርጋችሁ በደንብ ናጡና አስቀምጡት። አሸዋው በደቂቃ ይወርዳል፣ ደቃቁ አፈር በሰዓታት፣ ሸክላው በማግስቱ። ከላይ የተኛው ሸክላ ከጠቅላላው አፈር ሩብ ገደማ ወይም ከዚያ ጥቂት ያነሰ ከሆነ ለልስን ይሆናል። ጥቁር መረሬ ብቻውን አይሆንም፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ከቀይ አፈርና ከአሸዋ ጋር ይደባለቅ።

ጭዱ የጤፍ ይሁን፤ ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ ጭቃውን እንደ ክር ያያይዘዋል። በሁለት እጅ አፈር አንድ እጅ ጭድ ብላችሁ ጀምሩ። ጉድጓድ ውስጥ በእግር እየተረገጠ ከተቦካ በኋላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆይ፤ በየሦስት ቀኑ ውሃ እየጨመራችሁ እንደገና ርገጡት። መሽተቱ አያስደንግጣችሁ፣ ጭዱ እየላመ ነው ማለት ነው። በዕለቱ ተቦክቶ በዕለቱ የሚለጠፍ ጭቃ ግን ቶሎ ይረግፋል። እንግዲህ የማኅበሩ ሥራ የሚጀምረው ከልስኑ ቀን አንድ ወር አስቀድሞ ነው፤ ለየሦስት ቀኑ ረጋጭ አራት አራት ሰው መድቡ።

ሦስት የተለያየ የጭድ መጠን አቡክታችሁ 30 በ30 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ ግድግዳው ላይ ሞክሩና ከሳምንት በኋላ እዩት። ሰፊ ስንጥቅ ካለ ሸክላው ወይም ውሃው በዝቷል፤ በእጅ ሲታሽ ከረገፈ ሸክላው አንሷል።

በዕለቱ 40 ሰው ግድግዳው ሥር አይቁም። ለየ2 ሜትሩ ሁለት ሰው፣ ማለትም 12 ሰው ይበቃል፤ ሌላው ያመላልስ፣ ይንፋ፣ ውሃ ይቅዳ። የላላው ተጠርጎ ግድግዳው ውሃ ይረጭበት። ደረቅ ግድግዳ የአዲሱን ጭቃ ውሃ መጥጦ ሳይያያዙ ይቀራሉ። ጭቃው በኃይል ተወርውሮ ይመታ፣ ከዚያ በመዳፍ ይጫን፤ ሳይደርቅ በሚስማር ይጫጫር፣ ሁለተኛው ልባስ የሚይዘው በዚያ ነው። ቀጥታ ፀሐይ ከመታው እርጥብ ጆንያ አንጠልጥሉበት። ሁለተኛው ልባስ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ የተነፋ አፈርና ደቃቅ አሸዋ ላይ አንድ አምስተኛ ያህል እበት ተጨምሮ ከ1 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ።

መጨረሻ ላይ ኖራ ትቀባላችሁ። እንደ ወተት የቀጠነ ሆኖ፣ እርጥብ በተደረገ ግድግዳ ላይ፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ ሦስት ወይም አራት ዙር። አንዴ ወፍራም አድርጎ መቀባት ያስቀርፈዋል። የገዛችሁት ያልበረደ ድንጋይ ኖራ ከሆነ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ኖራውን ጥቂት በጥቂት ወደ ውሃው ጨምሩ እንጂ ውሃውን በኖራው ላይ አታፍስሱ። የዓይን መከላከያና ጓንት ግዴታ ነው፣ ልጆችም በዚህ ሥራ አይግቡ።

የእግር መንገድ (ሌላ መላሽ)

ስለ ጉብኝቱ ባጭሩ። ለአንድ አስጎብኚ ከ20 ሰው አይብለጥ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ኋላ ያለው አይሰማም፣ መንገዱም ይዘጋል። ሰባት ማረፊያ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ሰዓት ተኩል ይበቃል። አዛውንቶች ስለሚኖሩ ከማረፊያዎቹ ሁለቱ መቀመጫ ያለባቸው ይሁኑ። ወንበርና ድንኳን ከእድራችሁ ጠይቁ፤ የእድሩ ሰዎች እግረ መንገዳቸውን የየቤቱን ታሪክ የሚያውቀውን ሰው ይጠቁሟችኋል። ለወረዳውና ለፖሊስ በደብዳቤ አሳውቁ። ግቢ ለመግባት የባለቤቱን ፈቃድ ከሳምንት በፊት ያዙ፣ በዋዜማውም አስታውሱ።

መንገዱን በድሮ ካርታ አትንደፉ። ፒያሳ ላይ ከ2016 ዓ.ም. ፍርሻ በኋላ ብዙ ማረፊያ የነበሩ ቤቶች የሉም፤ ሌላውም ሰፈር እየተቀየረ ነው። በዚያው ሳምንት በእግር ሄዳችሁ አረጋግጡ። የፈረሰም ቢሆን ግን ከመንገዱ አታውጡት፤ የቀድሞውን ፎቶ በትልቁ አሳትማችሁ ቦታው ላይ ቆማችሁ አሳዩ።

ማኅደር (ሦስተኛ መላሽ)

የፎቶው ቀን ከሁሉም የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ የሰው ብቸኛ ቅጂ ነው እጃችሁ ላይ ያለው። ፎቶው ባለቤቱ ፊት ይቀዳ፣ እዚያው ይመለስ፤ «ነገ እንመልሳለን» የሚባል ነገር አይኑር።

ካርድ መጠን ያለው ፎቶ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች የሚነበብ የነጥብ ብዛት)፣ ጉርድ ፎቶ በ1200 ይቀዳና በቲፍ (ጥራት በማይቀንስ የምስል ፋይል ዓይነት) ይቀመጥ። ጀርባው ላይ ጽሑፍ ወይም የፎቶ ቤት ማኅተም ካለ እሱም ይቀዳ፣ ብዙ ጊዜ ዘመኑን የሚናገረው ጀርባው ነው። አልበም ላይ በሙጫ የተጣበቀውን አታላቅቁት፣ ከነገጹ ቅዱት። ከነመግለጫው ለአንድ ፎቶ ስድስት ደቂቃ አስቡ፤ አንድ ስካነር በስድስት ሰዓት 60 ፎቶ ማለት ነው። ስለዚህ ለአንድ ሰው አምስት ፎቶ ብላችሁ አስቀድማችሁ አሳውቁ። መብራት ቢጠፋ እንዳትቆሙ በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ኃይል የሚወስድ ስካነር ይሻላል።

የስምምነት ቅጹ ላይ ሦስት ምርጫ ይኑር፦ ለማኅደር ብቻ፣ ለዐውደ ርዕይ፣ ለኢንተርኔት። ባለቤቱ ሳይመርጡ ስካነሩ አይነሳ።

ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. በተለያየ አምድ ይመዝገቡ፣ ባለቤቱ ያሉት ቃል በቃል ይጻፍ፣ የእናንተ ግምት ለብቻው። የምኒልክ ሐውልት የቆመው በ1923 ዓ.ም. (1930 እ.ኤ.አ.) ነው፤ ጣሊያን ነቅሎት ከነፃነት በኋላ ተመልሷል። አደባባዩ ያለ ሐውልቱ ከታየ ፎቶው ወይ ከ1923 በፊት ነው ወይ የወረራው ዘመን ነው። እንዲህ ያለ ምልክት ከአስታዋሽ ይልቅ ይታመናል።

ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ። ቅጂው በሁለት ሃርድ ዲስክ በሁለት የተለያየ ቤት፣ ሦስተኛው ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥ።

የጉለሌ ማኅበር

እግዚአብሔር ይስጥልን። ልስኑን ወደ ኅዳር አዙረነዋል። አንድ ነገር ቀረን፤ ያ የድሮ ሲሚንቶ አሁኑኑ ይነሳ ወይስ የልስኑ ቀን? ከሥሩ ምስጥ ቢገኝስ?

ኖራና ጭድ

ከክረምቱ በፊት አትንኩት፣ ግድግዳው ተራቁቶ ዝናብ ይገባበታል። ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ በትንሽ መሮና በቀላል መዶሻ ከጠርዙ ጀምራችሁ መዳፍ መዳፍ የሚያህል እያላቀቃችሁ አንሱት። ከዚያ እስከ ልስኑ ክፍት ይቆይ፣ ግድግዳው ያስተነፍስ።

በዚህ መሀል የምሰሶዎቹን እግር በጠመንጃ መፍቻ ውጉ። ጫፉ ብቻ ከገባ ደኅና ነው፤ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያለ ችግር ከገባ በስብሷል። ማገር ቢሆን በተላጠና በደረቀ ባህር ዛፍ መቀየር ትችላላችሁ፤ ልጡ ያልተነሳ እንጨት ነፍሳት ይዞ ይገባል። ምሰሶ ከሆነ ግን ጣራውን የተሸከመ ነውና በጎ ፈቃደኛ አይንካው፤ አናጺ መጥቶ ጣራውን በድጋፍ ካስያዘ በኋላ ይቀየር። የፈቃድ ማመልከቻችሁ ላይም ይጨመር፣ ልስን ብቻ ተብሎ የተፈቀደ ወረቀት ምሰሶ መቀየርን አይሸፍንም።

ምስጥ ካያችሁ ከመርዙ በፊት ግድግዳው ሥር የተከመረውን አፈር ጥረጉ። መሬቱ ከመሠረቱ ድንጋይ አናት ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ ወደ ውጭም ያዘንብል። አሸንዳው የሚያፈስ ከሆነ ደግሞ እሱ ከልስኑ በፊት ይጠገን።