ለአንቴሎፕ አደን የሚሆን ባይፖድ ከ100 ዶላር በታች ይገኛል?

የኦሮራው፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ለአደን ወዳጆች ነው፤ የወረቀት ነገርም ስላለበት ሌሎቻችሁም አንብቡልኝ።

ዘንድሮ በኮሎራዶ አንቴሎፕ (ሚዳቋ የሚመስል የሜዳ እንስሳ) የማደን ፈቃድ ዕጣ ወጥቶልኛል። ቦታው ምሥራቁ ሜዳ ነው። ዛፍ የለም፣ ጋራ የለም፤ ሣርና ነፋስ ብቻ። ጠመንጃዬ 6.5 ክሪድሙር የሚባለውን ጥይት የሚተኩስ ነው፤ ሰደፉ ፕላስቲክ። በደረቴ ተኝቼ ስተኩስ ክርኔ ላይ ብቻ ተደግፌ አልረጋልኝም። ስለዚህ ባይፖድ፣ ማለትም ከጠመንጃው ፊት ሥር የሚገጠም ሁለት እግር ያለው መደገፊያ፣ ልገዛ ነው። ከ100 ዶላር በላይ ግን አልችልም። ኪራይ ጨምረውብናል፤ ታናሽ ወንድሜም ከባሕር ዳር የትምህርት ቤት ክፍያ እየጠበቀኝ ነው። ገበያው ላይ በ30 ዶላርም አለ፣ በ300ም አለ። ርካሹ ይሠራል ወይስ ገንዘብ መጣል ነው?

ሌላው፣ ያለኝ ግሪን ካርድ ነው። ዜግነት አመልክቼ ቀጠሮ እየጠበቅሁ ነው። ባለቤቴ «በዚህ ሰዓት ጠመንጃ ይዘህ ሜዳ ለሜዳ ትዞራለህ?» እያለች እንቅልፍ አጥታለች።

አጎቴ ደግሞ ከጎጃም ደውሎ «ለእኔም የጠመንጃውን መነጽርና እግሩን በሰው ላክልኝ» ብሏል። እምቢ ብለው ይቀየመኛል። ምን ልበል?

ጋሽ ፎርት ኮሊንስ፦
እንኳን ደስ ያለህ ልጄ። ከባይፖዱ ልጀምር።

ብራንዱን ከመምረጥህ በፊት ቁመቱን ምረጥ። ባይፖድ የሚሸጠው በቁመት ነው። ከ6 እስከ 9 ኢንች የሚረዝመው ለተኩስ ሜዳ ጠረጴዛና ለጸዳ መሬት ነው። አንተ የምትሄድበት ሣር አለ፣ ቁልቋልም አለ። አዎ፣ ቁልቋል፤ መሬት ላይ የተነጠፈ፣ ቁመቱ አጭር፣ እሾሁ ግን ሱሪ የሚበሳ። እዚያ ላይ በ6 ኢንች ብትተኛ በመነጽርህ የምታየው ሣር ብቻ ይሆናል። ከ9 እስከ 13 ያለውን ውሰድ። በሴንቲ ሜትር ከ23 እስከ 33 ማለት ነው። ተቀምጦ ለመተኮስ እስከ 27 ኢንች የሚረዝምም አለ፤ ግን ይከብዳል፣ ሲዘረጋም ይወዛወዛል።

ስለ ዋጋ። ብዙ አዳኝ የሚያምነው ሃሪስ ነው። ኬንታኪ ውስጥ ይሠራል፣ ቅርጹ ለዓመታት አልተለወጠም፣ እግሩ በስፕሪንግ ይዘረጋል። ዋጋው ከበጀትህ ትንሽ ያልፋል። ያገለገለ ካገኘህ አትለፈው። ካልድዌል በግማሽ ያህል ዋጋ ተመሳሳይ ነገር አለው። ማግፑልም ኤምኦኢ የሚባል ከፕላስቲክ የተሠራ ርካሽ ባይፖድ አለው። በ30 ዶላር የሚሸጡት አብዛኞቹ የሃሪስን መልክ የቀዱ ናቸው። አንዳንዱ ይሠራል፣ አንዳንዱ አይሠራም፤ ለዚህ ነው በእጅህ ሳትነካ አትግዛ የምልህ።

ሱቅ ገብተህ ከሳጥኑ አስወጣው። እግሮቹን ዘርጋ፣ ጠመንጃው የሚገጠምበትን ጫፍ ያዝና ግራና ቀኝ ወዝውዘው። መገጣጠሚያው ቀጭ ቀጭ ካለ መልሰው። ርካሽ ባይፖድ መጀመሪያ የሚላላው እዚያ ጋ ነው። ከዚያ እግሩን እስከ መጨረሻው ሳብና በመዳፍህ ወደ ታች ተጫነው። ካንሸራተተ አይሆንህም። በጥርስ በጥርስ የሚቆለፈው እግር በቡሎን ከሚጠብቀው ይሻላል፤ ብርድ ላይ ጓንት አድርገህ ቡሎን ማጥበቅ ጣጣ ነው። መጨረሻ ላይ ስፕሪንጉን በዝግታ ዘርጋና አድምጥ። አንቴሎፕ ዓይኑ ከሁሉ ይበልጣል፣ ጆሮውም አይታማም። ቷ! ብሎ የሚዘረጋ እግር ይዘህ ብትቀርበው ጀርባውን ነው የምታየው።

ወደ ጎን የሚያዘነብል መሆኑንም እይ። መሬቱ ዳገት ቁልቁለት ስለሆነ ማዘንበያ ከሌለው ጠመንጃህ ተጣሞ ይቆማል።

በረከት ዴንቨር፦
ስለ ወረቀቱ እኔ ልመልስ። ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛትና መያዝ ይችላል። ሱቅ ስትገዛ 4473 የሚባለውን ፎርም ትሞላለህ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ቁጥርህን ትጽፋለህ። ኮሎራዶ ከጥቅምት 2023 ጀምሮ ቢያንስ የሦስት ቀን መጠበቂያ አለው። ከግለሰብ ብትገዛም የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያው ግዴታ ነው፤ ይኸኛው በፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ ነው። ባይፖድ ግን ዕቃ ነው፤ ወረቀት አይጠየቅበትም።

በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ሌላ ነው። እንደ ደንቡ ጠመንጃ መያዝ ክልክል ነው። ሕጉ ካወጣቸው ልዩ ሁኔታዎች አንዱ የጸና የአደን ፈቃድ ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ያላለቀ ሰው ደግሞ ጠበቃ ሳያማክር ጠመንጃ በእጁ አይንካ። ከፌስቡክ ሕግ አትማሩ።

ለዜግነትህ የሚያሰጋህ ጠመንጃው ራሱ አይደለም፤ በጠመንጃ ምክንያት መከሰስ ነው። የጦር መሣሪያ ሕግ ጥሶ የተፈረደበት ሰው ግሪን ካርድ ቢኖረውም ሊባረር ይችላል። ስለዚህ በርሜሉ ጥይት ጎርሶ መኪና ውስጥ እንዳይገኝ። ከመንገድ ላይም፣ መንገድ አሻግረህም አትተኩስ። ብርቱካናማ ወይም ደማቅ ሮዝ ልብስህን፣ ከነቆብህ፣ በደንብ ልበስ፤ 500 ስኩዌር ኢንች ይላል ደንቡ። ደግሞ እዚህ ስቴት ካናቢስ በየሱቁ ስለሚሸጥ ሰው ይዘናጋል። በፌዴራል ሕግ ክልክል ነው። 4473 ላይም ይጠየቃል፣ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ላይም ይመጣል። አንተን አይደለም፣ አንባቢውን ነው የምለው።

የአደን ትምህርት የምስክር ወረቀትህን እንደያዝክ እገምታለሁ። በፈረንጆቹ ከጥር 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ያስፈልገዋል።

የአጎትህን ነገር ጨርሶ ተወው። የጠመንጃ መነጽር ከአሜሪካ ማውጣት የንግድ መሥሪያ ቤቱ የሚቆጣጠረው ጉዳይ ነው፤ ሻንጣ ውስጥ ከልብስ ጋር ጠቅልለህ የምትልከው አይደለም። አገር ቤትም የጦር መሣሪያ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 (በእኛ አቆጣጠር) አለ። ቦሌ ላይ የሚያዘው ዕቃውን የተሸከመው ምስኪን ነው። ሰው አታስበላ።

የቢቸናው፦
በረከት ሕጉን ተናገርክ፣ እሺ። ግን የአጎትየውንም ልብ እወቅለት። እኛ አገር ጠመንጃ የቤት ዕቃ ብቻ አይደለም። አባቴ ምንሽር ነበረው። ከእርሻ ሲመለስ ይወለውለዋል፣ ዘይት ይቀባዋል፣ ከአልጋው ራስጌ ይሰቅለዋል። ሲተኩስ ባላ መሬት ላይ ተክሎ፣ አፈሙዙን ባላው ላይ አሳርፎ፣ ትንፋሹን ውጦ ነው። ይኼ ባይፖድ የምትሉት ሥራው ያው ነው። ዘንድሮ ስደውል እናቴ ስለ ምንሽሩ አታነሳም። እኔም አልጠይቃትም፤ ስልክ ላይ የሚወራ ነገር አይደለም። ሚኒሶታ በረዶ ላይ ቆሜ አጋዘን ስጠብቅ የማስበው እሱን ሰውዬ ነው።

ለአጎትህ «ሕጉ አልፈቀደም» ብለህ አትቁረጠው። ዝም ብለህ ለጤፍ የሚሆን ላክለት።

እትዬ ቆንጂት ዳላስ፦
ለጤፍ ላክለት ትላለህ፤ ከየት አምጥቶ? ልጁ እኮ ኪራይ ጨምሮብኛል እያለ ነው። አሁን በየቤቱ ያለው ነገር ይኼ ነው። ወንድም ክፍያ ይላል፣ አጎት ዕቃ ይላል፣ እዚህ ያለው ሁለት ሥራ ይሠራል። የኦሮራው ልጄ፣ መጀመሪያ የወንድምህን ክፍያ ጨርስ። ትምህርት ቤት አይጠብቅም። የተረፈህን ባይፖድ ግዛበት።

ግን አደኑን አትተው። ባለቤትህንም ንገራት። አንድ አንቴሎፕ አጥንቱ ወጥቶ ወደ 15 ኪሎ ሥጋ ይወጣዋል። ንጹሕ ሥጋ ነው፣ ስብ የለውም። ለጥብስ ቅቤ ጨመር አድርጎበት ነው እንጂ እንዲሁ ይደርቃል።

የኦሮራው፦
ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። የወንድሜን ዛሬ ልኬያለሁ እትዬ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የጓደኛዬን ባይፖድ ተውሼ ሞከርኩ። በአሸዋ ከረጢት ላይ ስተኩስ መሃል የሚመታው ጠመንጃ፣ በባይፖድ ሲሆን ወደ ላይ ይወጣል። ባይፖዱ ነው ወይስ እኔ ነኝ?

ጋሽ ፎርት ኮሊንስ፦
ሰደፍህን ነው የምጠረጥረው። ርካሽ ፕላስቲክ ሰደፍ ከበርሜሉ ሥር ያለው የፊት ጫፉ ላይ ይለመጣል። ባይፖድ የሚገጠመው ጫፉ ላይ ነው፤ ተጭነህ ስትተኛበት ሰደፉ ወደ በርሜሉ ይጎብጥና ይነካዋል። በርሜል ሳይነካ ነጻ መሆን አለበት። ሲነካ ጥይቱ ቦታ ይቀይራል።

እንዲህ አድርገህ እየው። መጀመሪያ ጥይት አለመኖሩን አረጋግጥ። ጠመንጃውን በባይፖዱ አቁመውና እንደምትተኩስ ሆነህ ተጫነው። ሌላ ሰው አንድ የዶላር ኖት በበርሜሉና በሰደፉ መካከል አስገብቶ ከጫፍ ወደ ኋላ ይሳበው። ያለ ችግር ከሄደ ሰደፉ ደኅና ነው። ከያዘ ነገሩ ታወቀ። ያኔ የ300 ዶላር ባይፖድ ብትገዛም አይድንልህም። አተኳኮስህን ነው የምታስተካክለው፤ ወደ ፊት ብዙ አትጫን፣ ሁልጊዜ እኩል ተጫን። ሰደፉን መለወጥም ይቻላል፣ ግን ወጪ ነው።

ደረቅ ኮንክሪት ላይ አታቁመው፤ ሲተኮስ ይዘላል። ሣር ላይ፣ አፈር ላይ ሞክረው። ትከሻህ ጋ፣ ከሰደፉ የኋላ ጫፍ ሥር የምታስገባው ነገርም ያስፈልግሃል። እኔ ወፍራም ካልሲ ውስጥ ምስር ሞልቼ ቋጥሬ ነው የምጠቀመው። ጨብጥ አድርገህ ስትይዘው አፈሙዙ ዝቅ ይላል፣ ስትለቀው ከፍ ይላል። ከአንድ ዶላር ብዙም አይበልጥም፤ ግማሹን ሥራ የሚሠራው ግን እሱ ነው።

አደን የምትወጣው ባይፖድ ገጥመህ ከሆነ ኢላማህን የምታስተካክለውም ባይፖዱን ገጥመህ ይሁን። ባይፖዱ የሚያያዝበት የማንገቻው ቡሎን እንዳይላላም ከመውጣትህ በፊት ፈትሸው።

ዲያቆን ከሲያትል፦
ይቅርታ፣ ሥጋው ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። በጥይት ወድቆ ቢላዋ ሳይደርስለት የሞተ እንስሳ ለክርስቲያን በክት ነው። እኛ የምንበላው በስመ ሥላሴ ተባርኮ፣ ታርዶ፣ ደሙ የፈሰሰውን ነው። በሐዋርያት ሥራ 15 ከደምና ታንቆ ከሞተ ራቁ ተብሏል። አንቴሎፑ 200 ሜትር ርቆ ቢወድቅ፣ ስትደርስ ነፍሱ የለችም። ቤተሰብህን ምን ልታበላ ነው?

የቢቸናው፦
ዲያቆን፣ አባቶቻችን ምን በልተው ነው ያደጉት? ሚዳቋ በጥይት እየወደቀ አይደለም እንዴ? ዘዳግም 14 ላይ ዋላና ሚዳቋ ብሉ ብሎ በስም ጽፎታል። ይስሐቅም ለዔሳው «ወጥተህ አደን አድንልኝ» ነው ያለው።

ዲያቆን ከሲያትል፦
እንስሳው ንጹሕ መሆኑን አልካድኩም። ሰኮናው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳል። ክርክሬ ስለ አሟሟቱ ነው። አባቶች ሲያድኑ በሩጫ ደርሰው፣ ባርከው ያርዱ ነበር።

ሰዒድ ኮሎምበስ፦
በእኛ በኩል ልናገር። ስትተኩስ ቢስሚላህ ካልክና ስትደርስ ሞቶ ካገኘኸው ይበላል ነው የሚሉን፣ የገደለው ጥይቱ እስከሆነ ድረስ። በሕይወት ካገኘኸው ታርዳለህ። ለአደን የራሱ ሕግ አለው።

ጋሽ ፎርት ኮሊንስ፦
ዘሌዋውያን 17 ላይም እኮ አለ። አድኖ የሚበላ ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይክደነው ይላል። እኔ በስመ አብ ብዬ እተኩሳለሁ፣ ደርሼ አንገቱን እቆርጣለሁ፣ ደሙን አፈሳለሁ። ንስሐ አባቴን ጠይቄ ነው የማደርገው። ወዲያው ሆዱን ከፍታችሁ አቀዝቅዙት፤ በአደኑ ወቅት ያ ሜዳ ቀን ቀን ይሞቃል፣ ሥጋው ቶሎ ይበላሻል። ሥጋ ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ደግሞ በኮሎራዶ ሕግም ያስቀጣል።

ዲያቆን ከሲያትል፦
የእርስዎ ንስሐ አባት የፈቀዱትን የእኔ አልፈቀዱም ጋሼ። በዚህ ጉዳይ አንድ ቃል ያስፈልገናል። ልጆቻችን እዚህ እያደጉ ነው።

እትዬ ቆንጂት ዳላስ፦
ልጆቹ ሥጋ ሱቅ ገብተው የሚገዙትን ማን ባርኮት ነው? እሱን ዝም ብለን እየበላን ልጁ ለፍቶ ያመጣውን በክት ልንለው ነው? አልስማማም ዲያቆን። አክብሬ ነው የምናገረው፤ ግን አልስማማም።

የኦሮራው፦
ጋሼ፣ የኖቱን ሙከራ ዛሬ ማታ ከባለቤቴ ጋር አደርጋለሁ። ከ9 እስከ 13 ኢንች ያለውን አገኘሁ፤ ማዘንበያ ያለው 68 ዶላር ነው፣ የሌለው 20 ዶላር ይረክሳል። በዚያ ሜዳ ላይ ማዘንበያው የግድ ነው? ለአጎቴስ ምን ብዬ ልደውል?

ዲያቆን ከሲያትል፦
ባይፖዱን ጋሼ ይመልሱልሃል። እትዬ ቆንጂት፣ ስለ ሱቁ ሥጋ ላነሱት በደንብ ልመልስልዎ፤ ለዚህ ነው እኛ ከእርሻ በሬ ገዝተን ለአምስት ቤተሰብ ቅርጫ የምናርደው…