የጉልበት ፒአርፒ በዲሲ አካባቢ፦ ነጭ ሴል ያለበት ይሻላል ወይስ የሌለበት? (ጥቆማ)

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህት «ለእናቴ ጉልበት ፒአርፒ የሚሰጥ ጥሩ ቦታ ጠቁሙኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ቢሆን ደስ ይለኛል» ብላ ጠይቃ ነበር። ፒአርፒ ማለት ከራስ ደም የሚዘጋጅ፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርጉ ጥቃቅን ሴሎች) የበዛበት ፕላዝማ ነው፤ አርትራይተስ የያዘው ጉልበት ውስጥ ይወጋል። ከሥር ስንቱ ሰው የክሊኒክ ስልክ ደረደረላት፤ መርፌው ውስጥ የሚገባው ምን እንደሆነ ያነሳ ግን አላየሁም። እኔ የምሠራው ደም ላብራቶሪ ነው፤ በቀን ስንት ቱቦ ሴንትሪፊውጅ (ደም የሚያሽከረክር ማሽን) ውስጥ እንደምከት መቁጠር ትቻለሁ። እማዬንም ይዤ ሦስት ቦታ ዞሬያለሁ። ስለዚህ ይርዘምባችሁና ልጻፈው።

ከክንድ ደም ይቀዳል፣ እንዳይረጋ ሲትሬት ይጨመርበታል፣ ይሽከረከራል። ቱቦው ሲወጣ ከላይ እንደ ብርዝ ቢጫ የሆነ ፕላዝማ፣ ከታች ቀዩ፣ በመሃላቸው ደግሞ እንደ ወተት ስልባቦት የሳሳች ነጣ ያለች ሽፋን ታያላችሁ። ክርክሩ ሁሉ በዚህች ስልባቦት ላይ ነው። ነጭ ሴሎቹ ያሉት እዚያ ነው፤ ብዙው ፕሌትሌትም እነሱን ተጠግቶ ይቀመጣል። ባለሙያው ስልባቦቷን ሳይነካ ከላይ ብቻ ከቀዳ ነጭ ሴል ያነሰበት ፒአርፒ ይወጣል። እሷንም ጠራርጎ ከወሰደ ፕሌትሌቱም ነጭ ሴሉም ይበዛል። ሁለቱም ግን «ፒአርፒ» ተብለው ነው የሚሸጡት።

ነጭ ሴል ጉልበት ውስጥ ምን ያደርጋል? ኒውትሮፊል የሚባለው ጀርም ለመግደል የተፈጠረ ነው። የሚለቃቸው ኢንዛይሞች ጀርምና ካርቲሌጅ (መገጣጠሚያው ውስጥ አጥንቱን የሚሸፍነው ልስልስ አካል) አይለዩም፣ ያገኙትን ይቆራርጣሉ፤ ብግነት የሚያባብሱ ኬሚካሎችም አብረው ይወጣሉ። አርትራይተስ የያዘው ጉልበት ድሮም ውስጥ ውስጡን የሚጨስ ስለሆነ «በጭሱ ላይ ማገዶ ለምን?» የሚሉ ሐኪሞች ነጭ ሴል የሌለበትን ይመርጣሉ። ነገር ግን ሞኖሳይት የሚባለው ሌላው ነጭ ሴል ጠባዩ እንዲህ አይደለም። ወደ ማክሮፌጅ ተለውጦ ብግነት ሊያነሳም ሊያበርድም ይችላል፤ ኢንተርሉኪን-1 የተባለውን ዋና አባባሽ የሚዘጋ ፕሮቲንም ይሠራል። ጀርመን ዱስልዶርፍ የተጀመረው ኦርቶካይን የተባለ ሕክምና የቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ደሙ ከብርጭቆ እንክብሎች ጋር ለሰዓታት ሙቀት ውስጥ ይቆያል፣ ነጭ ሴሎቹ መከላከያውን ያመርታሉ፣ ከዚያ ሴሎቹ ተለይተው ይጣሉና ሴረሙ (ፈሳሹ) ብቻ ይወጋል። ኮቤ ብራያንት በ2011 ለጉልበቱ እዚያ ድረስ የሄደው ለዚሁ ነበር። የዚመር ባዮሜት ኩባንያ ኤንስትራይድ የተባለ ዕቃ ደግሞ ነጭ ሴሉን ሆን ብሎ ያከማቻል። ስለዚህ «ነጭ ሴል መርዝ ነው» የሚላችሁን ሰው ግማሹን ብቻ ስሙት።

ሰው ላይ ሲሞከርስ? ቦሎኛ፣ ጣሊያን ባለው በሪዞሊ ተቋም 192 ሰው ነጭ ሴል ያለበትንና የሌለበትን በሚወጉ ሁለት ቡድኖች ተከፍሎ፣ ሐኪሙም ታማሚውም የትኛው እንደሆነ ሳያውቁ፣ ሦስት ሦስት መርፌ ተወጉ፤ ውጤቱ በ2022 ሲወጣ ከዓመት በኋላም ቢሆን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። እዚያው በ2012 በወጣ የ144 ሰው ንጽጽርም ውጤቱ ተቀራራቢ ነበር፤ ነጭ ሴል ያለበትን የተወጉት ግን ከመርፌው በኋላ የበለጠ አሟቸዋል፣ የበለጠም አብጦባቸዋል። የእኔ ምርጫ ከዚህ የመጣ ነው። መጨረሻው እኩል ከሆነ ለሰባ ዓመት እናት ሦስት የከፋ ሌሊት መጨመር ምን ያደርጋል?

የማይወደደውንም ልንገራችሁ። በ2021 አውስትራሊያ ውስጥ በ288 ሰው ላይ ነጭ ሴል ያነሰበት ፒአርፒ መድኃኒት ከሌለበት ጨው ውኃ ጋር ተወዳደረ። ከ10 በሚለካው ሕመም ከዓመት በኋላ ፒአርፒው 2.1 ቀነሰ፣ ጨው ውኃው 1.8። ካርቲሌጁም ላይ ልዩነት አልተገኘም። «የተጠቀሙበት ፕሌትሌት አነስተኛ ነበር» ብለው የሚከራከሩ አሉ፣ ክርክሩም ውኃ ያነሳል። ሆኖም የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ2019 መመሪያው ፒአርፒ እንዳይሰጥ አጥብቆ መክሯል፤ አንዱ ምክንያቱም ይኸው ዝግጅቱ ከቦታ ቦታ መለያየቱ ነው። ሜዲኬርም ለጉልበት አርትራይተስ አይከፍልም። ከኪሳችሁ ነው።

አሁን ደሙን ወደሚያዘጋጁት ዕቃዎች፣ ወደ ኪቶቹ። የአርትሬክስ ኤሲፒ 15 ሚሊ ሊትር ገደማ ደም ወስዶ አምስት ደቂቃ ያሽከረክራል፣ ነጭ ሴሉ ትንሽ ነው፣ ፕሌትሌቱም መጠነኛ። ጂፒኤስ ሦስት የተባለው የዚመር ባዮሜት ኪት ከ50 ሚሊ በላይ ይቀዳል፣ ሩብ ሰዓት ይሽከረከራል፣ ፕሌትሌቱም ነጭ ሴሉም ብዙ ነው። የስዊሱ ሪጀን ላብ ቱቦው ውስጥ ሴሎቹን የሚለይ ጄል አለው፤ አውስትራሊያ የተሞከረው እሱ ነው። የስፔኑ ኤንዶሬት ነጭ ሴል ጨርሶ አያስገባም። ክሊኒክ ስትደውሉ «የትኛውን ኪት ነው የምትጠቀሙት?» ማለት ብቻ ግማሹን መልስ ይሰጣችኋል።

የሄድንባቸው ቦታዎች፣ ስም ሳልጠራ፦

አንደኛው ሜሪላንድ፣ ከሱቆች መደዳ ውስጥ፣ ፊትም ጉልበትም የሚያክም። ግድግዳው ላይ ትልቅ «ስቴም ሴል» ተጽፏል፤ ፒአርፒ ስቴም ሴል አይደለም። አንድ መርፌ 1,200 ዶላር፣ ሦስት ከገዛችሁ 3,000። «ነጭ ሴል አለበት?» ስለው እዚያ የሚሠራው ልጅ ፈገግ ብሎ «ጥሩ ጥሩው ሁሉ አለበት» አለኝ። የኪቱን ስም ስጠይቀው «ኤፍዲኤ ያጸደቀው» የሚል ወረቀት ሰጠኝ። ኤፍዲኤ (የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት) ያሳለፈው ደሙን የሚያዘጋጀውን ዕቃ ነው፣ ያውም ለአጥንት ቀዶ ሕክምና ከሚጨመር አጥንት ጋር ለመደባለቅ። ለጉልበት አርትራይተስ ብሎ ያጸደቀው ፒአርፒ የለም። እማዬ ወንበሩ ተመችቷት ነበር፤ ይዣት ወጣሁ።

ሁለተኛው ቨርጂኒያ ያለ የአጥንት ሐኪሞች ክሊኒክ ነው። ኤሲፒ፣ 750 ዶላር፣ በአልትራሳውንድ እያዩ ይወጋሉ፣ ጥያቄም ይመልሳሉ። መጥፎ አይደለም። ፕሌትሌቱን ግን አይቆጥሩም። የእማዬን የደም ምርመራ አይተው ደግሞ «ኒውትሮፊሏ 1,300 ነው፣ የደም ስፔሻሊስት ሳያያት አንነካትም» አሉ። እዚህ ላይ ልብ በሉ። ከመካከላችን ብዙ ሰው «ዳፊ ነል» የሚባል የደም ዓይነት አለው፤ በደም ውስጥ የሚዘዋወረው ኒውትሮፊል በተለመደው ሠንጠረዥ ሲለካ ዝቅ ብሎ ይታያል። በሽታ አይደለም፣ ለኢንፌክሽንም አያጋልጥም፤ እስራኤል ውስጥ በቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ላይ ተጠንቷል። የድሮ የደም ውጤታችሁ ካለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩ ለዓመታት እንዲሁ ከነበረ ሐኪሙ ወዲያው ይገባዋል። በነገራችን ላይ ኪት ያላችሁን ነው የሚያከማቸው። ያው ዕቃ ከእኔ ደምና ከጎረቤቴ ደም የሚያወጣው አንድ አይደለም።

ሦስተኛው ከማስተማሪያ ሆስፒታል ጋር የሚሠራ የስፖርት ሕክምና ክሊኒክ ነው፤ የምጠቁመውም እንዲህ ያለውን ነው። 900 ዶላር። ሁለት ጊዜ ያሽከረክራሉ፣ ከተዘጋጀው ጠብታ ወስደው መቁጠሪያ ማሽን ላይ ያስገባሉ፣ ወረቀቱን ይሰጧችኋል። የእማዬ ላይ ፕሌትሌቱ ከራሷ ደም አራት እጥፍ፣ ነጭ ሴሉ ከደሟ በታች ይላል። ዶክተሯ ግን መርፌውን ወዲያው አልሰጧትም። «መጀመሪያ ስምንት ሳምንት ፊዚዮቴራፒ፣ ቮልታረን ጄል፣ ከዘራም ያዢ» አሏት። እማዬ ከዘራ ሲባል ፊቷ ተለዋወጠ፤ «መቋሚያዬ ይቆጠርልኛል?» አለች። ተቆጠረላት። ግራ ጉልበቷ ነው የሚያማት፣ በቀኝ እጇ እንድትይዝ አሳይተዋታል፤ ብዙ ሰው የሚይዘው በተቃራኒው ነው።

ከተወጋች በኋላ ሁለት ቀን ጉልበቷ ደነደነ። በሦስተኛው ልትጋግር ተነሳች፣ ብከለክላትም አልሰማችም። በስድስተኛው ሳምንት ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ መያዝ ትታለች። መርፌው ይሁን፣ ፊዚዮው ይሁን፣ መቋሚያው ይሁን መለየት አልችልም። ጨው ውኃ ተወግተው የተሻላቸውን ሰዎች አትርሱ።

በግል ለጠየቃችሁኝ፦

«ከመርፌው በፊት አይቡፕሮፌን ይወሰዳል?» ለእማዬ ከአንድ ሳምንት በፊት አስቁመዋታል፣ ፕሌትሌቱን ስለሚያደክመው። ለሕመሙ ታይለኖል ወሰደች። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን በራሱ እንዳያቋርጥ፣ ሐኪሙን ይጠይቅ።

«አባቴ ጉልበቱ አጥንት ለአጥንት ሆኗል፣ ይጠቅመዋል?» እዚያ ከደረሰ ገንዘባችሁን ያዙ። ጉልበት የመቀየር ቀዶ ሕክምናን አማክሩ፤ እሱን ኢንሹራንስ ይከፍላል።

«ለስግደት ይደርስልኛል?» ላሉኝ እናት፦ እማዬ ዘንድሮ ሕማማትን ወንበር ላይ ሆና ነው ያሳለፈችው፣ አባም ፈቅደውላታል። ለመርፌ ቀጠሮ የምትይዙ ግን ከሕማማት ሳምንት ራቅ አድርጉት።

«መኪና መንዳትስ?» የሚወጋው ቀኝ ጉልበት ከሆነ የሚመልሳችሁ ሰው ይዛችሁ ሂዱ።